አወዛጋቢ ምክትል እጩ ይውረድ ወይስ ይቆይ? ማውረዱ የጠቀመበት ጊዜ አለ?

ሰኞ_ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር የማያልቅ ክርክር ውስጥ ገብቻለሁና እስቲ አግዙኝ።

እሱ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር ስልኬ እረፍት የለውም። የሚያነሳው ደግሞ ሁሌ ያንኑ ነው፤ የምክትል ፕሬዚዳንቱን እጩ። በ2008 ጆን ማኬይን ሳራ ፔሊንን ሲመርጥ «ቶሎ ካላወረዳት አለቀለት» ይል ነበር። በ2024 ደግሞ ጄዲ ቫንስ ልጅ ስለሌላቸው ባለድመት ሴቶች ከዓመታት በፊት የተናገረው ሲወጣ ያንኑ ደገመው። ትራምፕና ቫንስ አሸነፉ። ወንድሜ ግን ንቅንቅ አላለም። «የተበላሸ ጥርስ ቶሎ ነው የሚነቀል» ይላል።

ለኔ ይሄ አይዋጥልኝም። በሕዝብ ፊት የሰውየውን እጅ ከፍ አድርገህ «የመረጥኩት እሱን ነው» ካልክ በኋላ ወር ሳይሞላ ብታባርረው ነገ ማን ያምንሃል?

ዋናው እጩ ምክትሉን ማባረር ይችላል እንዴ? አባርሮ የተጠቀመስ አለ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አደራ፣ ፓርቲ ለይታችሁ አትነታረኩብኝ። እሱን ከወንድሜ ጋር በደንብ እየተወጣሁት ነው።

ድምፅ_ቆጣሪ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። በምርጫ ቀን በጣቢያ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ስለዚህ ከወረቀቱ ልጀምርልሽ።

የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የፕሬዚዳንቱ ውድድር ነው። ሁለት ስም አንድ ላይ ታትሟል፤ የዋናው እጩና የምክትሉ። ጎናቸው ያለችው ክብ ግን አንዲት ናት። እሷን በብዕር ታጠቁሪያለሽ፣ ወረቀቱን ለማሽኑ ትሰጪያለሽ፣ አለቀ። «ዋናውን እወደዋለሁ፣ ምክትሉን ግን አልፈልገውም» የሚል ሰው ያንን የሚገልጽበት ቦታ የለውም። ሁለቱም ወይም አንዳቸውም። እንግዲህ ቲኬት የሚሉት ይሄንን ነው፤ ጭቅጭቁም የሚመጣው ከዚያች ከአንዲቷ ክብ ነው።

ማባረር ይችላል ወይ ላልሽው፣ በደንቡ አይችልም። ምክትሉን የሚሾመው የፓርቲው ጉባኤ ነው። ዋናው እጩ ስም ያቀርባል፣ ጉባኤው ያጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ ሰውየው ራሱ «ለቅቄያለሁ» ካላለ በቀር ዋናው እጩ ደብዳቤ ጽፎ የሚያሰናብተው ሠራተኛ አይደለም። ከለቀቀ የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ተሰብስቦ ቦታውን ይሞላል። ያው በተግባር ግን አለቃህ እንደማይፈልግህ በየጋዜጣው እያነበብክ ስንት ቀን ትቆያለህ?

አሁን ወደ ታሪኩ። በዘመናችን ከጉባኤ በኋላ እንዲህ የወረደ ምክትል እጩ አንድ ነው፤ ቶማስ ኢግልተን፣ እ.ኤ.አ. በ1972። ወንድምሽ ይሄን ታሪክ በደንብ ያንብበው።

ጆርጅ ማክገቨርን የዴሞክራቶች እጩ ነበር። ጉባኤው በሐምሌ ወር ማያሚ ቢች ላይ ነው። ዋናው ትግል እጩነቱን ማግኘት ስለነበር ምክትል ማን ይሁን የሚለው እስከ መጨረሻው ቀን አልተቆረጠም። ቴድ ኬኔዲን ለመኑት፣ እምቢ አለ። ዋልተር ሞንዴልም እምቢ አለ። ሌሎችም እንደዚያው። ሰዓቱ እየሄደ ነው። በመጨረሻ ለሚዙሪው ሴናተር ለኢግልተን ስልክ ተደወለ፣ እሱም በደስታ ተቀበለ። ከማክገቨርን ሰዎች አንዱ «ኋላ የሚወጣብህ የተደበቀ ነገር አለ?» ዓይነት ጥያቄ ጠየቀው። «የለም» አለ። ማጣራት ማለት እንግዲህ ይኸው ነበር፤ አንድ ስልክ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። በዚያ ጉባኤ ነገር ሁሉ ከመንዛዛቱ የተነሳ ማክገቨርን የእጩነት ንግግሩን ያደረገው ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። አሜሪካ ተኝታለች።

ቀን ሳይቆይ ጋዜጠኞች ጋ ጥቆማ ደረሰ። ኢግልተን በ1960ዎቹ በድብርት ሕመም ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብቷል፤ ሁለት ጊዜም በኤሌክትሪክ ንዝረት ታክሟል። ሐምሌ 25 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ከማክገቨርን ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ራሱ ይፋ አደረገው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ማክገቨርን የራሱን ጉድጓድ የቆፈረው። «ከኢግልተን ጀርባ 1000 በመቶ ነኝ» አለ። መቶ በመቶ አልበቃው ብሎ! ከዚያ የጋዜጦች ርዕሰ አንቀጽ መጣ። ኒውዮርክ ታይምስ ይውረድ አለ፣ ዋሽንግተን ፖስት ይውረድ አለ። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ማክገቨርን ኢግልተንን በቀጥታ ከማነጋገር ይልቅ ለጋዜጠኞች ፍንጭ መስጠት ጀመረ፤ ሰውየው ገብቶት በራሱ እንዲሄድለት። ሐምሌ 31 ኢግልተን ለቀቀ። ከተመረጠ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ደግሞ ምትክ ፍለጋ ሌላ ዙር ልመና ተጀመረ። በመጨረሻ ነሐሴ 8 ኮሚቴው ሳርጀንት ሽራይቨርን ሰየመ። ስሙ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ፤ የፒስ ኮር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነው። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ያስተማሩትን ፈረንጆች የላከው እሱ ነው። የዚያን ዘመን ተማሪ የሆነ ሰው ቤታችሁ ካለ ጠይቁት፣ የአንዳቸውን ስም ሳይነግራችሁ አይቀርም።

ውጤቱ? ተቀናቃኙ ፕሬዚዳንት ኒክሰን 49 ግዛት ወሰደ። ማክገቨርን ማሳቹሴትስንና ዋና ከተማዋን ዋሽንግተንን ብቻ። ፕሬዚዳንቱን በሚወስነው በየግዛቱ ድምፅ፣ ኤሌክቶራል በሚሉት፣ 520 ለ17።

ባይባረርም ይሸነፍ ነበር፤ ኒክሰን በዚያን ዓመት የሚነካ አልነበረም። ግን ማክገቨርን የነበረው አንድ ሀብት «ይሄ ሰው ቃሉን ይጠብቃል» የሚለው ስም ነበር። ያንን ነው የበላው። ሰው የታዘበው የኢግልተንን ሕመም አይደለም፤ የማክገቨርንን መወላወል ነው። በመጀመሪያው ቀን «አልነገረኝም፣ እንለያይ» ቢል ይሰማ ነበር። እስከ መጨረሻው «ሰውየው ታክሞ ድኗል፣ አብረን እንሄዳለን» ቢልም ይከበር ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም አለ።

ስለዚህ የኔ መልስ፦ ምክትሉ አለቃውን ከዋሸ በዚያው ቀን ይሂድ። ካልዋሸ ይቆይ። «እስቲ ነገሩ የት እንደሚደርስ እንይ» የሚባለውን ግን የሚያክል ጥፋት የለም።

ነገር_አዋቂ

ጋሼ ድምፅ ቆጣሪ፣ አሪፍ ነው የተረክኸው። ግን ለምን 1952ን ዘለልከው? ማውረዱ ቀርቶ መቆየቱ የጠቀመበት ታሪክ እኮ እሱ ነው።

ሪቻርድ ኒክሰን ያኔ 39 ዓመቱ ነው፣ የጄኔራል አይዘንሃወር ምክትል እጩ። ደጋፊዎቹ ለፖለቲካ ወጪው ያዋጡለት ወደ 18,000 ዶላር የሚጠጋ ፈንድ እንዳለ ጋዜጣ አወጣ። አይዘንሃወር «ዋሽንግተንን ከሌብነት አጸዳለሁ» እያለ ሲዞር ምክትሉ በዚህ መጣ። የራሳቸው ወገን የሆኑ ጋዜጦች ሳይቀሩ ይውረድ አሉ። አይዘንሃወር ደግሞ ዝም። አይዞህም አላለው፣ ሂድም አላለው።

ኒክሰን ምን አደረገ? በቴሌቪዥን ቀጥታ ቀረበ። መስከረም 23። ሊገባ ትንሽ ሲቀረው የኒውዮርኩ ገዥ ቶማስ ዲዊ ደውሎ «በንግግርህ መጨረሻ ልቀቅ ይላሉ የአይዘንሃወር ሰዎች» አለው። ገባና የቤቱን ዕዳ፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የኢንሹራንሱን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘረ። ባለቤቱ የሱፍ ካፖርት እንጂ ሚንክ የሚባለው ውድ ጸጉር ኮት የላትም አለ። ባለቤቱ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች! በመጨረሻ ከቴክሳስ አንድ ሰው ለልጆቹ የላከላቸውን ቼከርስ የሚባል ውሻ አነሳ። «ያሉትን ይበሉ፣ ውሻውን አንመልስም» አለ። ስለቆይታው ደግሞ ሕዝቡ ለፓርቲው ኮሚቴ ቴሌግራም ልኮ ይወስን አለ። ብልጠቷን አያችሁ? ውሳኔውን ከአለቃው እጅ ነጠቀው።

60 ሚሊዮን ገደማ ሰው አየው። ቴሌግራሙ ጎረፈ። አይዘንሃወር ሌላ ምርጫ አልነበረውም፣ ዌስት ቨርጂኒያ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ «አንተማ የኔ ልጅ ነህ» አለው። አሸነፉ፣ 442 ለ89።

እና ለሰኞ ማለዳ፦ ማን ይወስን የሚለው ነው ዋናው። አፍ ያለው ምክትል ራሱን ያድናል። አፍ የሌለውን ማንም አያድነውም። ፔሊንን ተመልከቺ፤ የጉባኤው ንግግሯ እሳት ነበር። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ኬቲ ኩሪክ ምን ጋዜጣ ታነቢያለሽ ስትላት ግን አንድ ስም መጥራት አቃታት። ከወግ አጥባቂዎቹ በኩል ሳይቀር ለቃ ትሂድ ያለ ዓምደኛ ተነሳ። ማኬይን አላወረዳትም። ግን በዚያ ሰሞን ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ወድቆ ኢኮኖሚው እየነደደ ነበር፤ ቢያወርዳትስ ምን ሊያተርፍ?

ነጭ_ጋውን

ይቅርታ አድርጉልኝና ኢግልተን ላይ ትንሽ ልቆይ። ሥራዬ የአእምሮ ሕሙማን ነርስነት ነው። ጋሼ «አለቃውን ከዋሸ ይሂድ» ያሉት አንጀቴን በላው።

ቀላል ነው የሚመስለው። ግን በ1972 ሰውየው ስልኩን ይዞ ምን እንዲል ነበር የሚጠበቀው? «አዎ፣ በኤሌክትሪክ ታክሜያለሁ» ቢል ስልኩ ይዘጋና ሌላ ሴናተር ጋ ይደወላል። ባይል ደግሞ ኋላ ውሸታም ይባላል። ብትናገር ትወድቃለህ፣ ብትደብቅ ትባረራለህ። ድሮ ሆስፒታል ሲገባም የተነገረው ሌላ ምክንያት ነበር፤ ድካም ነው፣ የሆድ ሕመም ነው ተባለ። ቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያየ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ጎረቤት ሲጠይቅ «ትንሽ አሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያንን ውሸት አልለውም።

አክሞ ያዳነው ሕክምና ነው መባረሪያ የሆነው። ልብ በሉ፤ የልብ ሕመም ያለበት ፕሬዚዳንት አሜሪካ አይታለች። አይዘንሃወር በ1955 ልቡን ታሞ በ1956 በድጋሚ ተመርጧል። ልብ ሲሆን «ጀግና ነው፣ ተነሳ» ይባላል። ጭንቅላት ሲሆን «ኒውክሌሩን ማን ይነካል?» ይመጣል።

የኒውክሌሩን ጥያቄ ከንቱ ነው አልልም። ምክትል ማለት ነገ ጠዋት ፕሬዚዳንት ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1944 ምክትሉን ዋላስን በትሩማን ቀይሮ፣ አራተኛ ዘመኑን በጀመረ በሦስተኛው ወር ሞተ። ስለዚህ መጠየቅ መብት ነው። ግን ጥያቄው ለሐኪሞቹ መቅረብ ነበረበት እንጂ ለገንዘብ ሰጪዎች አልነበረም። ማክገቨርን ራሱ በመጨረሻ ዕድሜው ማውረዴ ስህተት ነበር ብሎ አምኗል።

የሚዙሪ ሰው ግን አልተወውም። ኢግልተን በ1974ም በ1980ም ሴናተርነቱን በድጋሚ አሸንፏል።

ምን_አገባኝ

ሰው ሁሉ የሚመርጠው ዋናውን ነው ባክህ። የጆርጅ ቡሽ (የአባትየው) ምክትል እጩ ዳን ኩዌል በ1988 ስንት ተሳቀበት? በቬትናም ጊዜ ብሔራዊ ዘብ ገብቶ ከጦርነት አመለጠ ተባለ፣ በክርክሩ ላይ የሌላኛው ፓርቲ ምክትል እጩ ሎይድ ቤንትሰን «አንተ ጃክ ኬኔዲ (ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲን ማለቱ ነው) አይደለህም» ብሎ አዋረደው። ቡሽ ግን 40 ግዛት ወሰደ። ቤንትሰን ደግሞ በዚያ ቆንጆ መልሱ ተሸንፎ ሴናቱ ተመለሰ።

ከዚህ የሚብሰው 1912 ነው። የፕሬዚዳንት ታፍት ምክትል ጄምስ ሸርማን ምርጫው ሊደርስ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ሞተ። ስሙ ግን ወረቀቱ ላይ ነበር። ሰው ሄዶ የሞተ ሰው መረጠ። ታፍት ያገኛት 8 ኤሌክቶራል ድምፅ ብቻ ናት፣ እሱ ደግሞ በሸርማን ምክንያት አይደለም። የገዛ ፓርቲው በቴዎዶር ሩዝቬልት ለሁለት ስለተከፈለበት ነው።

ሰኞ_ማለዳ

እግዜር ይስጥልኝ! ወንድሜ ሊንኩን ልኬለት አነበበ። መልሱን ልገልብጥላችሁ፦ «አንድ ምሳሌ ይዛችሁ ነው። ማክገቨርን የተሸነፈው አባርሮ ሳይሆን አዘግይቶ ነው። ቶሎ ብሎ ቢሆንስ?»

ጋሼ፣ ምን ልበለው?

ድምፅ_ቆጣሪ

እህት ነጭ ጋውን፣ ያልሽው ገብቶኛል። የኢግልተንን ሕመም አልነካሁም። ግን አብሮት ለሚሰለፈው ሰው የመንገር ግዴታ ነበረበት እላለሁ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ለሕዝብ አይንገር፣ ለማክገቨርን ይንገር። «እምቢ» ማለትም አንድ መልስ ነው፤ ኬኔዲ ብሎታል፣ ሞንዴል ብሎታል።

ሞንዴል ካልኩ አይቀር ለወንድምሽ ይሄን ስጪልኝ። ያ በ1972 እምቢ ያለው ሞንዴል በ1984 ራሱ የፕሬዚዳንት እጩ ሆነ። ምክትሉ ጀራልዲን ፌራሮ፤ በትልቅ ፓርቲ ቲኬት ላይ የመጀመሪያዋ ሴት። ወዲያው የባሏ ገንዘብና የግብር ወረቀት ጉዳይ ተነሳ። እሷ ነሐሴ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስባ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የጠየቋትን ሁሉ መለሰች። ሞንዴል አላወላወለም፣ አላወረዳትም። ውጤቱስ? ሬገን 49 ግዛት። ሞንዴል የራሱን ሚኒሶታንና ዋሽንግተንን ብቻ።

ያባረረውም 49 አጣ፣ ያላባረረውም 49 አጣ። ምክትል እጩ ምርጫ አያሸንፍልህም፣ ምርጫ አያስሸንፍህምም፤ እንግዲህ በዚህ ላይ ምን አገባኝ ትክክል ነው፣ ስሙ እንዳይሸውዳችሁ። ልዩነቱ ያለው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ስለ ማክገቨርን ሲወራ ዛሬም «1000 በመቶ» ይነሳበታል። በሞንዴል ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

«ቶሎ ቢሆንስ» ላለው፣ ቶሎ ማለት መቼ ነው? ሥራው የሚጀምረው ከመምረጡ በፊት ነው። ዛሬ እጩዎች ጠበቃ ቀጥረው የሰውየውን የግብር ወረቀት፣ የድሮ ንግግር፣ የሕክምና ታሪክ ሳይቀር ለሳምንታት የሚበረብሩት ከ1972 ስለተማሩ ነው። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ጊዜው በጣም አጭር ነው። በአገሩ ሕግ ለወታደሮችና ውጭ ላሉ መራጮች ወረቀቱ ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው መላክ አለበት። ያ ማለት መስከረም አጋማሽ ላይ ወረቀቱ ታትሞ አልቋል። ማክገቨርን በሐምሌ ነው ያደረገው፤ በጥቅምት «አውርዱት» የሚል ሰው ወረቀት እንዴት እንደሚታተም አይቶ አያውቅም። እኛ ጣቢያው ላይ ሳጥኑን ስንከፍት የሰዎቹ ስም ከታተመ ቆይቷል፤ ሰውየው ትናንት ማታ ለቅቄያለሁ ቢል እንኳ መራጩ የሚያጠቁራት ክብ ጎን ስሙ አለ።

አንዲት ነገር ልጨምር። በ1972 አሸናፊው ቲኬት ላይ የነበሩት ሁለቱ፣ ኒክሰንና ስፒሮ አግኒው፣ አራት ዓመቱን አልጨረሱም። አግኒው በግብር ክስ በ1973 ለቀቀ፣ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት በ1974። ኢግልተን፣ ለሥልጣን አይሆንም የተባለው፣ ሴናት ውስጥ እስከ 1987 ተቀምጦ በገዛ ፈቃዱ ነው የወጣው። ወንድምሽ የትኛውን ጥርስ ይነቅል እንደነበር ጠይቂልኝ።

ሰኞ_ማለዳ

ጠየቅኩት። «የ2028ቱን እናያለን» ብሎ ስልኩን ዘጋው።